አንድ ሉህ በአንድ መስመር

ጀማሉ በሩን ገርበብ አድርጎ በትከሻው ከልሎ፣ «እቴ፣ ቤት ተሳስተሻል፤ እዚህ የአሊ ነጃር ዘር የሚባል የለም» ሲል፣ የአሊ ነጃር ወረቀት ከጀርባው፣ አንገረቡ፣ የጠፍር አልጋው ላይ፣ በታጠበ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እህቱ ራሒማ ከወረቀቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ረጅም መጎናጸፊያዋን፣ ቶቧን፣ እየጠመጠመች ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱም የዜግነት ወረቀት ከሚሰጠው ቢሮ ቀርበው፣ እኛ የአናጢው የአሊ ነጃር ዘር ነን፣ አሊም ገና ከደርቡሽ ዘመን ጀምሮ ገዳሪፍ የኖረ ሰው ነው ብለው ሊመሰክሩ ነው። ጠዋት የካዱትን ሰው ረፋድ ላይ ሊጠሩት! ራሒማ እጇ ቶቡ ላይ እንዳለ ቀረ። በሩ ላይ ያለችው ሴት ግን አልተቆጣችም፣ አልጮኸችም። የመተማ ቆላ ሰው በሚናገርበት ረጋ ባለ ድምፅ፣ ከልጅነቷ የለመደችውን ነገር ትቆጥራለች፦ «ቱርካ እባላለሁ። እናቴ ሳፊያ፣ ሳፊያ የባሕሪያ ልጅ፣ ባሕሪያ የአሊ ነጃር ልጅ። አያቴ ባሕሪያ፣ ወንድሜ ያዕቁብ ገዳሪፍ ነው ያለ፣ ስትል ነው የሞተች። ገበያ ላይ ስጠይቅ የነጃር ልጆች ቤት ይህ ነው ስላሉኝ ነው እንጂ፣ ለልመናስ አልመጣሁም።»

ያዕቁብ የጀማሉና የራሒማ አያት ነው። እህት እንደነበረው ግን ራሒማ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። በጀማሉ ክንድና በበሩ መካከል ባለችው ክፍተት የሴትዮዋን እግር ብቻ አየች፤ አንዱ እግሯ የላስቲክ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። ጀማሉ «አላህ ይስጥሽ፤ ሌላ ቤት ጠይቂ» አለና በሩን ዘግቶ መወርወሪያውን ገፋው። ለለማኝ የሚባለውን ነው ያላት፣ ለልመና አልመጣሁም ላለች ሴት። ዞር ሲል ከእህቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። «ሰማሽ?» አለ። «ሰማሁ» አለች። 

ጀማሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ለራሒማ ነገሩ በቀለላት። ባሏ ሲሞት የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ የመጣችው እሱ ዘንድ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረባትም። ያቺ ልጅ፣ ሰዓዲያ፣ አድጋ ካርቱም የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። እስከ ሐሙስ የዜግነት ወረቀቷን እዚሁ ገዳሪፍ ላለው የጤና ቢሮ ካላቀረበች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሰዓዲያ ገዳሪፍ ተወለደች፣ እናቷም ገዳሪፍ ተወለደች፣ የእናቷም አባት እንዲሁ፤ ሆኖም ቤታቸው አማርኛ ይነገርበታል፣ መልካቸውም የሐበሻ ነው። በደጉ ጊዜ ይህ ማንንም አያስቸግርም። ሰባ ሰባት ግን ደግ ጊዜ አልነበረም። ማዶ ረሃብ፣ ወዲህም ዝናብ የከዳው መሬት፤ ከመተማ በሚመጣው በዶካ መንገድ ሰው ሳይቋረጥ ይጎርፋል፤ ሐበሻ የሚመስል ሁሉ «ላጂእ» ይባላል፣ ስደተኛ። እንዲህ ባለ ሳምንት ከስደተኞች ካምፕ የመጣች ሴት ዘመዳችሁ ነኝ ብላ ደጃፍ ላይ ቆማ ሠፈርተኛው ቢያያት፣ ወሬው ቢሮ ቢደርስ፣ «እናንተም አምና የገባችሁ ናችሁ» ለማለት ምን ያግዳቸዋል? ጀማሉ ያሰበው ይህንን ነው። ራሒማም ቁጭ ብላ ይህንኑ ስታስብ ለራሷ ታወቃትና አፈረች።

ወረቀቱ የቤቱ ኩራት ነው። ራሒማ ማንበብ አትችልም፤ ታሪኩን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። አሊ ፊደል አልቆጠረም። መስጊዱ አጠገብ ልጆች የሚያስቀሩ አንድ ፈቂህ ነበሩ፤ ልጆቹ ቁርኣን የሚጽፉበት ሉህ፣ ያ እጀታ ያለው የእንጨት ሰሌዳ፣ ይሰነጠቃል፣ ሲታጠብ ይሳሳል፣ ይሰበራል። አናጢውና ፈቂሁ ተዋዋሉ፦ አሊ ከላሎብ ዛፍ አንድ ሉህ ጠርቦና አለስልሶ ሲያስረክብ፣ ፈቂሁ አንድ መስመር ይጽፉለታል። የልጅ ልደት፣ የሠራው በር፣ የሞተ ሰው፣ ምንም ይሁን ምን፣ አንዷ መስመር የሁለት ቀን ሥራ ታስከፍለዋለች። አባታቸው እንድሪስ ይህንን ሲያወጋ ደረቱን ይነፋ ነበር፤ «አያቴ በነገር ላይ ውሃ የሚያበዛ ሰው አልነበረም» ይላል። አባትየው፣ ከእሱም በኋላ ጀማሉ፣ በዒድ ቀን ወረቀቱን ከሣጥን አውጥተው ለቤተሰቡ ያነቡ ነበር፤ የሚያነቡት ግን ሁልጊዜ ያንኑ ሦስት አራት መስመር ነው፦ ከጎንደር የመጣበትን፣ የመስጊዱን በር የሠራበትን፣ ያዕቁብ ያገባበትን። ወረቀቱ ፊትና ጀርባው በጽሑፍ የተሞላ ነው። የቀረው ምን ይላል ብላ የጠየቀችበትን ቀን ራሒማ አታስታውስም።

በገበያው በኩል ሄዱ። አምና ሠላሳ ጅኔ የነበረ አንድ ኬሻ ማሽላ መቶ ሃያ ገብቷል፤ ስኳር በወረፋ ነው፣ ዳቦ በወረፋ ነው፣ ውሃ የጫነውን አህያ ሳይቀር ሰው ጣሳ ይዞ ይከተለዋል። በሰሊጥ መጋዘኖቹ ጥላ ሥር ከማዶ የመጡት ተዘርረዋል። ሎሪ የተራገፈበት ቦታ ላይ ሴቶች ማሽላውን ከነአፈሩ ጠርገው በጨርቅ ይነፋሉ። ጀማሉ ለሚያውቀው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ፣ ከባለሱቆች ጋር ስለ ሳሙና ዋጋ እያወራ ይራመዳል። እሷም ኋላ ቀረት ብላ፣ በየጥላው የተዘረጉትን እግሮች እያየች፣ አንድ ጫማ ብቻ ያደረገች ሴት ትፈልግ ነበር። ልትጠራት ይሁን ልትሸሻት ለራሷም አልገባትም።

የቢሮው ሹም ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ለባለጉዳይ ወንበር የሚስቡ ሰው ናቸው። መብራት ጠፍቶ የጣሪያው ማራገቢያ ቆሟል፤ ሹሙ በካርቶን ቁራጭ ራሳቸውን ያራግባሉ። ወረቀቱ ሲፈታላቸው ካርቶኑን ጣሉት። «ያ ሐጅ፣ ይህ እኮ ሀብት ነው!» አሉ ለጀማሉ። የድሮ ጽሑፍ ይወዱ ኖሯል መሰለኝ፣ የሚፈልጉትን መስመር መርጠው ከማየት ይልቅ ከላይ ጀምረው፣ ጣታቸውን እያስኬዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር። ጀማሉ «የሚያስፈልግዎ ያ መስመር ነው» ብሎ በጣቱ ሊያሳያቸው ሞከረ፤ እጁን በቀስታ ወደ ጎን አደረጉት። ራሒማ አረብኛ አታንብብ እንጂ በመስማቱስ ከማንም አታንስም።

«በሺ ሦስት መቶ ስድስት፣ በረሃቡ ዓመት፣ አናጢው አሊ ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ ገባ።» ይህን ታውቀዋለች። ሱዳኖች በሂጅራው ቁጥር መጨረሻ እስከ ዛሬ «ሰነት ሲታ»፣ ዓመተ ስድስት፣ እያሉ የሚያነሡት፣ በሐበሻ በኩል ክፉ ቀን የተባለው ያ ዘመን ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን አታውቀውም። «ሚስቱ መንገድ ላይ ሞተች። በአንድ ትከሻው ያዕቁብን፣ በአንድ ትከሻው መጋዙንና ፋሱን ተሸከመ። ባሕሪያን ዶካ ሰው ዘንድ ተዋት፤ የአራት ዓመት ልጅ ናት።» ሹሙ ቀና ብለው ሁለቱን አዩአቸውና ቀጠሉ። «ባሕሪያ ዶካ ናት፤ ከዝናብ በኋላ ያመጣታል።» «የሬሳ አንገረብ ሠራ፤ የሚሸከም ሰው ጠፋ።» «ዶካ ሄደ፤ ልጁን የተወባቸው ሰዎች ተሰደዋል፤ የት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም።» «ባሕሪያ ስድስት ዓመት ሞላት።» «ባሕሪያ ሰባት ዓመት ሞላት።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። የመስጊዱ በር አንድ መስመር አለው፣ የያዕቁብ ሠርግ አንድ መስመር አለው፤ ባሕሪያ ግን በየዓመቱ አለች። ተገኘች የሚል የለም፣ ሞተች የሚል የለም፣ ዕድሜዋ ብቻ። ፈቂሁ አርጅተው እጃቸው በተንቀጠቀጠበት በመጨረሻው መስመር ላይ «ባሕሪያ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞላት» ይላል፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ራሒማ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ለእያንዳንዷ መስመር ሁለት ሁለት ቀን! ሰውየው መጋዙን አስቀድሞ ልጁን ትቷታል፤ በዚያው መጋዝ ቤት ሠርቷል፣ ያዕቁብን ድሯል፣ እሷም ጀማሉም ሰዓዲያም የበሉት እንጀራ ከዚያ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ እስኪሞት ድረስ ሉህ እየጠረበ የልጁን ዕድሜ ሲያስጽፍ ኖረ። ወንድሟን ሰረቅ አድርጋ አየችው፤ ወለሉን ያያል። ያውቅ ነበር። አባታቸውም ያውቅ ነበር። በየዒዱ እየዘለሏት ነው ያነበቡት።

ሹሙ ወረቀቱን በክብር አጥፈው መለሱ። «የአሊ ነገር ጥያቄ የለውም» አሉ። «የሚቀረኝ የዘር ዝርዝር ነው። ይህች ባሕሪያ ዘር አላት? ካላት በዚሁ ፋይል ይገባሉ። ከሌላት እዘጋዋለሁ፤ ከተዘጋ በኋላ በዚህ ወረቀት የሚጠይቅ አይኖርም።»

«በልጅነቷ ሞተች» አለ ጀማሉ፣ ምላሱን ሳያደናቅፈው።

ሹሙ ወደ ራሒማ ዞሩ። «የዘመድን ነገር አጥርተው የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። አንቺስ ምን ሰምተሻል፣ ያ ሐጃ?»

ቁርኣን አላስያዟትም፤ አላፈጠጡባትም። ከሰውየው ደግነት የተነሣ እውነቱን ብትናገር ምንም ላይመጣ ይችል ነበር። ወይም ደግሞ «እንግዲያው ሴትዮዋ ከካምፕ ትምጣና ነገሩ ይጣራ» ይሉና ሐሙስ ያልፋል፣ ሰዓዲያም ሻንጣዋን መልሳ ትፈታለች። ራሒማ «ሞታለች» አለች። ዝም ብትል ይበቃ ነበር፤ ግን ዝምታው አስፈራትና፣ «መቃብሯም ዶካ ነው፤ አባቴ ወስዶ አሳይቶኛል» ብላ ጨመረች። ማንም ያልጠየቃትን መቃብር በገዛ እጇ ቆፈረች። ጀማሉ ሳይቀር ደንግጦ አያት። ሹሙ «አላህ ይማራት» አሉና ጻፉ፤ ሐሙስ ጠዋት ኑ ተባሉ።

ቤት ሲደርሱ ሰዓዲያ በር ላይ ትጠብቃለች። «ኸላስ? ያ ኡሚ፣ እማዬ፣ አለቀ?» ብላ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ አጎቷንም ግንባሩን ሳመችው። ምሳው ኪስራ የሚሉት ስስ የማሽላ ቂጣና የወይካ፣ የባሚያ፣ ወጥ ነው። ልጅቱ ስለ ካርቱም፣ ስለ ነጭ ዩኒፎርም፣ አብራት ስለምትሄደው ጓደኛዋ ትለፈልፋለች፤ ሁለቱ ትልልቆች ትሪው ላይ አቀርቅረዋል። ጀማሉ ሦስት ጊዜ ጎርሶ እጁን ታጠበ። እንደገና ተቀመጠ። «ለማን ብዬ ነው?» አለ፣ ማንም ምንም ሳይለው። «ሐሙስ ይለፍ። ከዚያ ሰው ልከን እናፈላልጋታለን፤ ማሽላም እንሰድላታለን።»

«ከዝናብ በኋላ» አለች ራሒማ።

ጀማሉ ፊቱ ተለዋወጠ። ጀለቢያውን አራግፎ ተነሣና ሱቁን ሊከፍት ወጣ። ሰዓዲያ አንዴ እናቷን አንዴ በሩን እያየች፣ «የምን ዝናብ ነው፣ ያ ኡሚ?» አለች። ራሒማ ትሪውን አነሣች።

ከዐስር ሶላት በኋላ የማሽላ ዱቄት፣ ስኳር፣ የደረቀ ወይካ፣ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ቶብና አንድ ጥንድ ጫማ ቋጥራ፣ በአህያ የሚጎተት ካሮ ተከራይታ ወደ ካምፑ ሄደች። ለጀማሉ አልነገረችውም። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ትለማመድ ነበር፦ ራሒማ እባላለሁ፣ አባቴ እንድሪስ፣ እንድሪስ የያዕቁብ ልጅ፣ ያዕቁብ የአሊ ነጃር ልጅ። ስም ብቻ ነው፤ ለመናገር አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየ የካሮው ነጂ ዚክር የምታደርግ መስሎት አህያውን ከመሳደብ ታቀበ። ይቅርታም ልትጠይቃት ነው። ከቻለችም፣ ሐሙስ እስኪያልፍ ብቻ ነገሩን በልቧ እንድትይዝላት ልትለምናት ነው። እንዲህ ብሎ ልመና እንዳለ ራሒማ ከዚያ ቀን በፊት አታውቅም ነበር።

ካምፑ ውስጥ በእንጨት ላይ የተወጠረ ላስቲክና ኬሻ፣ ከመሬት የማይለይ ሰው፣ ከየአቅጣጫው ሳል ነው። ከመተማ በኩል የመጡት ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ናቸው አሏት። አንድ ወጣት መዝጋቢ መዝገብ ታቅፎ በመካከላቸው እየዞረ፣ በአማርኛም በአረብኛም ይጮኻል፦ «ከተማ ውስጥ ዘመድ ያለው ይመዝገብ! የዘመድ ስም፣ የዘመድ ሠፈር! ዘመድ የሌለው ነገ ጠዋት በሎሪ ወደ ሌላ ካምፕ ይሄዳል!» ራሒማ ቱርካን በእግሯ ሳይሆን በድምፅዋ አወቀቻት። የታመመ ሕፃን ከታቀፈች ልጇ ጋር ኬሻ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ስትል ራሒማ የአባቷን የእንድሪስን ሰፊ ግንባር አየች፤ ቅንድቡ ሳይቀር የእሱ ነው። አጠገቧ ቁጭ አለች፤ ቋጠሮውን ወደ እሷ ገፋችው።

ቱርካ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጫማውን ስታይ እንባዋ መጣ፤ አላወቀቻትም፣ በምን ልታውቃት! «ከየት የመጣሽ ደግ ነሽ፣ እህቴ?» አለች።

«ከከተማ ነኝ። ዘመድ የለሽም እንዴ እዚህ?» አለች ራሒማ፣ ድምፅዋ ለራሷ የሌላ ሰው ሆኖባት።

«አለ ብለውን ነበር። ዛሬ ጠዋት አንድ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ፤ ቤት ተሳስቼ ነው መሰለኝ ሰውየው የለም አለኝ። ሙስሊም ሰው ነው፣ የሚጾም የሚሰግድ ሰው ነው፣ ምን አጥቶ ይዋሸኛል?» ቱርካ ዱቄቱን በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችና ለልጇ አቀበለች። «ለእኔ ብዬም አይደለ። አያቴ ባሕሪያን ያሳደጓት ሰዎች ከዶካ ወደ መተማ ሲሸሹ፣ አባቴ ይመጣና ያጣኛል ብላ የአንገረብ እግር ይዛ አልሄድም ብላ ነበር አሉ። አድጋም፣ ሰው ለሰሊጥ ሥራ ወደ ገዳሪፍ በወረደ ቁጥር፣ አሊ የሚባል አናጢ ጠይቁልኝ ትል ነበር። አባቴ ትቶኝ ሲሄድ ዞሮ አላየኝም፣ ረስቶኝ ይሆን ወይ ስትል ነው የሞተችው። እኔ መጥቼ የፈለግሁት ይህንን ነበር፤ ረስቷት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ባገኝ ብዬ።»

መልሱ ራሒማ አፍ ውስጥ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት ድረስ በየዓመቱ አንድ ሉህ። ጠዋት በጆሮዋ ሰምታዋለች፤ ከእሷና ከወንድሟ በቀር በዓለም ላይ ማንም ለቱርካ ሊመልስላት የማይችለው ጥያቄ ነው፤ ቱርካ ነገ በሎሪ ስትሄድ ከጥያቄዋ ጋር ትሄዳለች። ማን እንደሆነች ሳትናገር ግን መልሱን መናገር አትችልም። አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት መዝጋቢው ከኋላዋ ደርሶ ቆመ። «እናንተ ዘመዳሞች ናችሁ?» አለ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ። «ስምና ሠፈር ንገሪኝ፣ ልጻፍ።»

ራሒማ መዝገቡን አየች፣ እስክሪብቶውን አየች። «አይ፣ ሰደቃ ላደርስ ነው የመጣሁ» አለች። መዝጋቢው ለቱርካ የነበረውን መስመር ሠርዞ አለፈ። ራሒማ ለመነሣት መሬቱን ተመረኮዘች።

«ቆይ፣ ዱዓ ሳላደርግልሽ?» አለች ቱርካ እጅጌዋን ይዛ። «ስምሽ ማነው?»

«ራሒማ።»

«አባትሽስ? ራሒማ የማን ልጅ ልበል?»

ወደ አፏ የመጣላትን ስም ተናገረች። «ከማሉ» አለች። ከማሉ የሚባል ሰው አታውቅም።

ቱርካ ልጇንና አጠገባቸው የተቀመጡትን ሴቶች ጠራች፤ ሁሉም መዳፋቸውን ዘረጉ። ዘመድ ሳይደርስልን የደረሰችልንን የከማሉን ልጅ ራሒማን አላህ ይጠብቃት አለች፤ ልጅ ካላት ልጇን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት አለች፤ እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደገውን አባቷን ከማሉን ጀነት ያግባው አለች። ሴቶቹ በእያንዳንዱ ላይ አሚን ይላሉ። ራሒማም መዳፏን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከሁሉም ጮክ ብላ አሚን አለች።